«ፈርሚ» አሉኝ፤ እናቴ ግን በዚያ መንገድ ነው የምትሄደው

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የባለቤቴ ሥራ መተማ ስለሆነ የቤቱን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የምወስነው እኔ ነኝ።

ሰፈራችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባ አንድ የኮብልስቶን መንገድ ግራና ቀኝ ያለን 27 ቤቶች ነን። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ቀጭን የእግር መንገድ ይጀምራል። ቁልቁል ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርድና ተሻግሮ ወደ ቁስቋም በኩል ይወጣል። አቋራጭ ነው የምንለው። ከታች ያሉት ቤቶች መኪና አይገባላቸውም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእኛ በር ነው። በገበያ ቀን እንጨት የጫኑ አህዮች በዚያ ይወጣሉ። እናቴም ኪዳን ለማድረስ ቁስቋም የምትሄደው በዚሁ አቋራጭ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ በአስፋልቱ ዙሪ ብላት አትችለውም።

ከሁለት ወር በፊት አበልጄ ቤት ሌሊት ሌባ ገባ። ሚስቱ የልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ሴት ናት። ያን ዕለት ብቻዋን ነበረች። ሌቦቹ ባጃጃቸውን ላይኛው አስፋልት ጋ አቁመው እንደገቡ ጎረቤት አይቷል። ሲጮህባቸው ግን ቁልቁል በአቋራጩ ሮጠው አመለጡ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ግን እሷ እንቅልፍ የላትም።

አሁን አበልጄ ኮሚቴ አቋቁሟል። አስፋልቱ ጋ የብረት በር ይቆማል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይቆለፋል። ከታች ደግሞ የአቋራጩ አፍ በግንብ ይዘጋል። ከየቤቱ 3,000 ብር ይዋጣል። ወረቀቱ ላይ 24 ቤት ፈርሟል። የቀረነው ሦስት ነን። «ሌባ የሚታቀፍ ሰው ነው የማይፈርም» የሚሉም አሉ። በዚያው ሳምንት አንዲት ከታች የምትኖር እናት መንገድ ላይ አግኝታ «እውነት ልትዘጉብን ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ለእናቴም እስካሁን አልነገርኳትም።

የመጪው እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ውሳኔ ይሰጣል ተብሏል። ብፈርም እናቴንና እነዚያን ሰዎች የከዳሁ ይመስለኛል። ባልፈርም አበልጅነታችን ይበላሻል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከጎንደር

.

እህቴ፣ ከአበልጅሽ ቤት ልጀምር። ሌሊት ሌባ የገባባት ሴት ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ትባንናለች። ባልየውም ሚስቱ ስትባንን እያየ ዝም ብሎ መተኛት አይችልም። ያለፉት ዓመታት ደግሞ ለጎንደር ሰው ቀላል አልነበሩም። ልጅ ታገተ፣ ሰው ተዘረፈ ሲባል እየሰማ የሚያድር ከተማ ውስጥ በር አጥብቆ መዝጋት ቅንጦት አይደለም። ይህ ሰው መንገዱን እንዝጋ ያለው ቤተሰቡ ስለተነካበት ነው። አንቺም ይህ የገባሽ ይመስለኛል። ባይገባሽ ኖሮ ይህን ያህል ባልጨነቀሽ ነበር።

ሐሳቤን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ይህን ወረቀት አሁን ባለበት መልኩ አትፈርሚ። ግን እሑድ ዕለት «አልፈርምም» ብቻ ብለሽም አትመለሺ።

ወረቀቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስሯል። አንዱ ሌሊት ተሽከርካሪ ወደ ሰፈሩ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የእግረኛ መንገድን በግንብ መድፈን ነው። ስለ መጀመሪያው መነጋገር ይቻላል። ሁለተኛው ግን የሌሎች ሰዎችን ኑሮ የሚቆርጥ ነው። 24ቱ ሰዎች ሁለቱን ነጣጥለው ቢጠየቁ ስንቶቹ ለግንቡ እጃቸውን ያወጡ ነበር? ይህን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ኮሚቴውም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እንደዚያ ብሎ የጠየቀ የለም።

ራስሽ የጻፍሽውን ነገር ደግሞ አስተውዪ። ሌቦቹ የገቡት በላይ በኩል ነው። ባጃጃቸውን አስፋልቱ ጋ አቁመዋል። በአቋራጩ የሮጡት የተጮኸባቸው ጊዜ ነው። ያን ሌሊት ግንቡ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ መግባታቸውን አያስቀረውም ነበር። ማምለጫቸውን ሊያጠብባቸው ይችል ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ስትጽፊልኝ አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ። ከኮብልስቶኑ በታች መብራት አለ? ካለስ ይበራል? ሰው የሚመላለስበት መንገድ በራሱ ጠባቂ አለው። ገና ሳይነጋ ኪዳን የምትሄድ እናት፣ ጠዋት ተማሪ፣ ማታ ከሥራ የሚገባ ሰው፣ ሁሉም እንግዳ ፊት ሲያዩ ይለያሉ። ያን መንገድ ስትደፍኚው የሚያዩልሽ ዓይኖችም አብረው ይሄዳሉ። ከግንቡ ሥር ምን እንደሚከማች ደግሞ የከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ቀጥሎ መሽኛ ይሆናል፣ ከዚያ ሲመሽ ማንም የማይደፍረው ጥግ ይሆናል። ለአበልጅሽ ሚስት እንቅልፍ የሚሰጣት እንዲህ ያለ ጥግ ነው?

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። የቤትሽን የይዞታ ካርታ አውጪ። አዋሳኞቹ የተጻፉበትን ቦታ እዪ። በአንዱ አቅጣጫ «መንገድ» የሚል ካለ ያ መንገድ የአንቺም የአበልጅሽም አይደለም ማለት ነው። የመጨረሻው ቤት ባለቤትም የሱን ካርታ ቢያሳይሽ የበለጠ ይጠቅማል፤ አቋራጩ የሚነሣው ከእሱ አጥር ሥር ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል። እንዲህ ያለውን ንብረት ለረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ በማለት የግል ማድረግም አይቻልም። ስለዚህ 27ቱም ቤት ቢፈርም እንኳ ፊርማው መንገድ የመዝጋት ሥልጣን አይሰጣችሁም። መንገዱ በከተማው ፕላን ላይ እንዴት እንደሰፈረ ማየትም ሆነ መፍቀድ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። አቋራጩ በአንድ ሰው ይዞታ ውስጥ የሚያልፍ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ንግግሩ መጀመር ያለበት ከዚያ ሰው ጋር ነው።

ይህን የምነግርሽ አበልጅሽን በሕግ እንድታስፈራሪው አይደለም። እንዲያውም ለእሱ የሚጠቅም ወሬ ነው። ከየቤቱ 3,000 ብር ሲሰበሰብ 81,000 ብር ይሆናል። ፈቃድ የሌለው ግንብ ነገ ፍረስ ቢባል ያን ገንዘብ ለጎረቤቱ የሚመልሰው ማን ነው? ተጠያቂው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረው ወዳጅ ቢያገኝ ደስ ሊለው ይገባል።

ከጻፍሽው እንደምረዳው ኮሚቴው ከታች ካሉት ቤቶች አንድ ሰው እንኳ አላማከረም። በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። እነዚያ ሰዎች ከእናንተ እድር ስላልሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ግን በሩ የሚቆለፍባቸው እነሱ ናቸው። አንዲት ሴት ሌሊት ምጥ ቢይዛት አምቡላንስ እሷ ቤት አይደርስም። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ እናንተ ኮብልስቶን ነው የሚያወጧት። እዚያ ሲደርሱ ግንብ ይጠብቃቸዋል። ግንቡ ቢቀር እንኳ ላይኛው በር ተቆልፎ፣ ቁልፍ ያዡም ተኝቶ ቢሆንስ? ሬሳ ሲወጣስ በየት ነው የሚወጣው? ይህን ስብሰባው ላይ ማንሣት የሚገባሽ ማንንም ለማሳጣት አይደለም። 24ቱ ፈራሚዎች በክፋት የፈረሙ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ይህን አላሰቡትም።

በሩ የሚቆለፍበትን ሰዓት ደግሞ እዪው። በሩ የሚከፈተው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ኪዳን የሚደርስ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ከዚያ በፊት ነው። በጽጌ ጾም ወቅት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ማኅሌቱ የሚቆመው ሌሊት ነው። ኅዳር 6 ደግሞ የቁስቋም ክብረ በዓል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብር በሚነግሥበት ቀን የጎንደር ሰው በየአቅጣጫው ወደዚያ ይወጣል። ኮሚቴው ውስጥ ካሉት ሰዎች ግማሹ ራሳቸው በዚያ አቋራጭ የሚሄዱ ይመስለኛል። ሰዓቱን ሲያወጡ ሌባውን ብቻ ነበር ያሰቡት።

የአገራችንን ነገሥታት ግቢ አስቢ። የፋሲል ግቢ በግንብ የታጠረ ነው። ግን 12 በሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱም ስም ነበረው። ተዝካሮ በር አለ፣ እምቢልታ በር አለ። ንጉሥ እንኳ ግቢውን ሲያጥር ማን በየት እንደሚገባ አስቦ ነው። እናንተም ሰፈር እሑድ ዕለት ቢመከርበት የምወደው ይህ ነው። ማን፣ በየት፣ በስንት ሰዓት ይለፍ?

ለመነሻ ያህል እኔ የሚታየኝን ልንገርሽ፤ ሰፈሩን የምታውቂው አንቺ ነሽና አስተካክዪው። ላይኛው በር ይቁም፤ ሌሊት ለተሽከርካሪ ይዘጋ። ጎኑ ላይ ግን ሁልጊዜ የማይቆለፍ የእግረኛ ማለፊያ ይኑረው። ዘበኛ ከተቀጠረ መቆም ያለበት እዚያ ማለፊያው ላይ ነው። ለአምቡላንስና ለለቅሶ ትልቁን በር የሚከፍተውም እሱ ይሁን። ታች፣ የአቋራጩ አፍ ላይ፣ በግንብ ፋንታ ሁለት ወይም ሦስት የብረት ምሰሶ ይተከል። ባጃጅ ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከዚያ ካነሰ ባጃጅ አያልፍም። ግን በገበያ ቀን ሜትር ይዛችሁ ውጡና እንጨት የጫነች አህያ ምን ያህል እንደምትፈልግ ለኩ። በወረቀት ላይ የሚበቃ የሚመስል ክፍተት አህያዋን ጭነቷን እያስወረደ ባለቤቷን ሊያስለቅሰው ይችላል። ክራንች ይዞ የሚሄድ ሰውም በዚያ ማለፍ አለበት። ከዚያ መብራት። ኤሌክትሪክ በሚጠፋበት ጊዜ እንዳይጨልም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቢሆን ይሻላል። ከግንቡ ወጪ ተቀንሶ ለመብራቱ ይውላል።

ጥበቃውንም ከታች ካሉት ጋር አብራችሁ አድርጉት። ሌባው የሮጠው በእነሱ ደጅ ነው። እናንተ ላይ ሆናችሁ ብትጮኹ እነሱ ታች ሆነው መያዝ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ግንቡ ከተሠራ ግን ለእናንተ ጩኸት ከአልጋው የሚነሣ አይኖርም። በሁለቱም በኩል የአምስት አምስት ሰው ስልክ ቁጥር መለዋወጥና ፊሽካ መግዛት ብዙ ብር አይጠይቅም። ከእነሱ ዘንድ ገንዘብ ማዋጣት የማይችል ካለ በጉልበቱ ይረዳል፤ ለምሰሶው ጉድጓድ መቆፈሩ አይቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ አበልጅሽ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ስብሰባው ላይ እንዳይሰማው። ሰው በተሰበሰበበት ቢሰማው የቀረበው ሐሳብ ምንም ይሁን ምን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ከእሑድ በፊት ቤታቸው ሂጂ። እንዲያውም መጀመሪያ ከሚስቱ ጋር ቡና ጠጪ። «እንቅልፍሽ እንዴት ሆነ?» በያት። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጫት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ በርና ስለ ግንብ ሲያወራ እሷን የጠየቃት አለ? ምን እንደሚያስፈራት ራሷ ትንገርሽ። ምናልባት የሚያስፈራት አቋራጩ ሳይሆን ባሏ መንገድ ሲወጣ ብቻዋን ማደሯ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አንዷን ልጅሽን እየላክሽ አብራት ብታድር ግንቡ የማያደርገውን ታደርጊላታለሽ። የክርስትና ልጇ አይደለች?

ለእሱ ደግሞ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ ቤትህ ቤቴ ነው። ያን ሌሊት የሆነው ነገር እኔንም አስደንግጦኛል። ለበሩም ለመብራቱም ለዘበኛውም ድርሻዬን እከፍላለሁ። የእግር መንገዱን መድፈን ግን አልቻልኩም። እናቴ አለች፤ እነዚያ ሰዎችም አሉ። ፈቃድ ሳይኖር ገንዘቡ ቢባክን ደግሞ በአንተ ነው የሚፈረደው። እሑድ ሌላ ሐሳብ ባቀርብ እንዳትቀየመኝ ብዬ አስቀድሜ መጣሁ።» ብሩን ለመክፈል ዝግጁ መሆንሽን መጀመሪያ ላይ ተናገሪ። «ሌባ የሚታቀፍ» ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ሊቆጣ ይችላል። ቢቆጣ እዚያው አትከራከሪ። አንድ ቀን አድሮበት የሚመለስ ሰው ነው ወይስ የተናገረውን የማይለውጥ? አንቺ ታውቂዋለሽ። የማይለውጥ ከሆነ የሚሰማቸውን አንድ ትልቅ ሰው፣ የእድሩን ዳኛ ወይም የንስሐ አባቱን፣ ይዘሽ ብትሄጂ ነውር የለውም።

ባለቤትሽንም ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው። ስብሰባው ካለፈ በኋላ ከሰው እንዳይሰማ። ያልፈረሙትን ሁለቱን ቤቶችም አነጋግሪ። ምክንያታቸው ካንቺ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ገንዘቡ ከብዷቸው ይሆናል። ያም ቢሆን መታወቁ ይጠቅማል። ለእናትሽ ንገሪያት፤ ግን እንባዋን ስብሰባው ላይ ይዘሽ አትቅረቢ። የእናትሽ ጉልበት አንድ ምክንያት ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ ክርክር በእሷ ላይ ከቆመ ግን ነገሩ «የእገሊት እናት ጉዳይ» ይሆናል። ከዚያ ለእሷ ብቻ ቁልፍ ይሰጧትና ሌላው ይቆለፍበታል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢቀርብልሽ አትቀበዪው።

ያቺ ከታች ያለች እናት ደግሞ መልስ ትጠብቃለች። ሂጂና «ገና አልተወሰነም» በያት። የእነሱ እድር ሁለት ሰው እንዲልክ ጠይቂ፤ ግን የእናንተ ዳኛ ቀድሞ ይወቅ። በድንገት የመጡ እንግዶች ከሆኑ ስብሰባው ይታወካል። እነሱም ለመለመን እንዳይመጡ ምከሪያቸው። ሌባው በየት እንደሮጠ፣ በዚያ ሌሊት ምን እንደሰሙ፣ ለጥበቃው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ይናገሩ።

ስብሰባው ላይ አንድ ነገር ብቻ ብታገኚ ይበቃሻል፤ ሁለቱ ጉዳዮች ተለያይተው ድምፅ ይሰጥባቸው። ከተሳካ ምሰሶውና መብራቱ ለሦስት ወር ይሞከር በሚል በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የእግር መንገዱ ቀንም ሌሊትም ክፍት እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። ፊርማሽን የምታኖሪው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስርቆቱ ካልቀነሰ እንደገና ትነጋገራላችሁ፤ አንቺም ያኔ የአበልጅሽን ሐሳብ ለመስማት ዝግጁ ሁኚ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግንቡን እንሠራለን ካሉ ብቻሽን አትሩጪ። ከታች ካሉት ሰዎችና ከማይፈርሙት ጎረቤቶች ጋር ሆናችሁ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፉ። መንገዱ በከተማው ፕላን ላይ ምን እንደሆነ ታይቶ በጽሑፍ እንዲነገራችሁና መልሱ እስኪመጣ ግንባታው እንዲቆይ ጠይቁ። ቅጂውን ቁጥር አስመትታችሁ ያዙ። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ ለአበልጅሽ ራስሽ ንገሪው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው። በዚያው ሳምንትም ቤታቸው ቡና ሲፈላ አትቅሪ።